የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ያለኝ ስልክ ብቻ ነው፤ ፕሮግራመር መሆን እችላለሁ?

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ። 17 ዓመቴ ነው፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ከዩቲዩብ ኤችቲኤምኤልና ትንሽ ፓይተን እየተማርኩ ነው። ኮምፒዩተር የለኝም፣ በስልክ ነው የምማረው። ከትምህርት ስመለስ አጎቴን ሞባይል ቤቱ ውስጥ አግዘዋለሁ። ወንድሜ ‹ዲግሪ ከሌለሽ ማንም አይቀጥርሽም፣ ደግሞ አሁን ሁሉንም ኤአይ ይሠራዋል› ይለኛል። እናቴ ደግሞ ማትሪክ እንዳልወድቅ ትፈራለች። በየትኛው ቋንቋ ልቀጥል? ሰርተፊኬት ይጠቅማል? ሥራ ማግኘት የምችለውስ መቼ ነው?»

መልስ፦

ወንድምሽ ግማሽ እውነት አለው፤ እናትሽ ደግሞ ሙሉ እውነት አላቸው። ወደ ሁለቱም እመለሳለሁ።

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ለሱቆችና ለአከፋፋዮች ሶፍትዌር በሚሠራ አነስተኛ ድርጅት ነው የምሠራው። ጁኒየር (ጀማሪ ፕሮግራመር) ስንቀጥር ማመልከቻዎቹን የማየው እኔ ስለሆንኩ፣ የምነግርሽ ነገር ሁሉ ከቀጣሪ ወንበር የሚታየው ነው። ከዚያ ወንበር ሲታይ ሲቪዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። አምስት ስድስት ቋንቋ ተደርድሯል፣ ሰርተፊኬት ተያይዟል፣ «ፕሮጀክት» በሚለው ሥር ካልኩሌተር፣ የአየር ሁኔታ የሚያሳይ አፕ፣ የሥራ ዝርዝር መያዣ። ሁሉም ከዩቲዩብ ላይ እየታየ የተጻፈ ነው። አልፎ አልፎ ግን አንዱ «ይህን የሠራሁት ለሰፈራችን ፋርማሲ ነው፣ አሁንም ይጠቀሙበታል» ይላል። ያንን ልጅ የዚያኑ ቀን እደውልለታለሁ።

አንቺ የአጎትሽን ሞባይል ቤት በአንድ መስመር አልፈሽዋል። እኔ ጥያቄሽን ሳነብ የቆምኩት ግን እዚያ ላይ ነው። ከሱ በፊት የስልኩን ነገር እንጨርስ።

በስልክ ኮድ መጻፍ ያደክማል እንጂ አይከለክልም። ለፓይተን ፓይድሮይድ 3 የሚባለውን አፕ ከፕሌይ ስቶር አውርጂ፤ አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ለኤችቲኤምኤልና ለጃቫስክሪፕት አኮድ የሚባለው ነጻ ኤዲተር ይበቃሻል። ትንሽ ስትለምጂ ተርመክስን ጫኚ፤ ስልክሽ ላይ የሊኑክስ ተርሚናል ይከፍትልሻል፣ ፓይተንም ጊትም (የኮድ ለውጥ መመዝገቢያው) ውስጡ ይሠራሉ። እሱን ነጻ አፖች ከሚገኙበት ከኤፍ-ድሮይድ ማውረዱ ይሻላል። ሰው ሁሉ ስለ ስክሪኑ ማነስ ያማርራል፤ የሚያሰለቸው ግን ቅንፍና ሁለት ነጥብ ከስልክ ኪቦርድ ላይ መፈለግ ነው። ሞባይል ቤት ውስጥ የኦቲጂ ገመድ አይጠፋም፤ አንድ አሮጌ የኮምፒዩተር ኪቦርድ ፈልገሽ በሱ ሰኪውና ልዩነቱን ታዪዋለሽ።

ቪዲዮ ዳታ ይበላል። የሌሊት ፓኬጅ ገዝተሽ የሳምንቱን አውርጂ፣ ቀን ቀን ጽሑፍ አንብቢ። የፓይተን መመሪያው ራሱ ሙሉውን ወርዶ ያለ ኔትወርክ ይነበባል። ላፕቶፕ የሚያስፈልግሽ ቀን ይመጣል፤ ሲመጣ ያገለገለ ግዢ፣ 8 ጂቢ ራምና ኤስኤስዲ ያለው ይሁን፣ ስለ ቀረው አትጨነቂ። እስከዚያው የትምህርት ቤታችሁን የአይሲቲ መምህር አናግሪ። ብዙ ትምህርት ቤት ላቡ የሚቆለፈው ዕቃ ቢበላሽ ኃላፊነቱን የሚወስድ ሰው ስለሌለ ነው። «ቅዳሜ ጠዋት ለሁለት ሰዓት፣ አራት ተማሪዎች ሆነን፣ ስማችንን ፈርመን እንገባለን» ብለሽ በጽሑፍ ብትጠይቂ፣ በኮሪደር ላይ በቃል ከመጠየቅ የተሻለ መልስ ታገኛለሽ። ሌላም አለ፦ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እዚያው ከተማችሁ ውስጥ ነው። የሶፍትዌርና የኮምፒዩተር ተማሪዎች አጠገብሽ እያሉ ብቻሽን የምትታገዪበት ምክንያት የለም። ከነሱ መሀል አንድ ጥያቄሽን የሚመልስ ሰው ካገኘሽ ከአሥር ቻናል ይበልጥብሻል።

በየትኛው ቋንቋ? በፓይተን ጀምረሻል፣ በፓይተን ቀጥዪ። እርግጥ ነው አዲስ አበባ ያለው የሥራ ማስታወቂያ ላይ ጃቫስክሪፕት፣ ፍላተር (የሞባይል አፕ መሥሪያ) እና ላራቬል (የድረ ገጽ መሥሪያ) ይበዛሉ። ግን አንዱ በደንብ የገባው ሰው ሁለተኛውን በጥቂት ወራት ይይዘዋል፤ ሦስቱን የነካካ ሰው ሦስቱንም እንደ አዲስ ነው የሚጀምረው። ለአንድ ዓመት አትቀይሪ። በቃ።

ለኮርስ ገንዘብ አታውጪ። ሃርቫርድ ውስጥ ፕሮፌሰር ዴቪድ ማላን የሚያስተምሩት የኮምፒዩተር ሳይንስ መግቢያ ኮርስ፣ ሲኤስ50፣ ሙሉ በሙሉ በነጻ ይታያል፤ እሱ በሲ ቋንቋ ስለሚያልፍ ሊከብድሽ ይችላል። ታናሽ እኅቱ ሲኤስ50ፒ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በፓይተን ነው፣ ለአንቺ የሚሆነው እሱ ነው። የቤት ሥራዎቹን ለጨረሰ ሰው ኮርሱ ራሱ ሰርተፊኬት በነጻ ይሰጣል፤ ኤድኤክስ የሚባለው የኮርስ ድረ ገጽ ላይ የሚከፈልበት ሌላ ስለሆነ አትምታቺ። ኮድ የሚያስተምረው ድረ ገጽ ፍሪኮድካምፕም ነጻ ነው። አገር ውስጥ ደግሞ ከተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ጋር በሐምሌ 2016 የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም አለ፤ ዩዳሲቲ በሚባለው የኦንላይን ትምህርት ድረ ገጽ በኩል የፕሮግራሚንግ፣ የዳታ ሳይንስና የአንድሮይድ መሠረታዊ ትምህርት ይሰጣል። ተመዝገቢ፣ ጨርሺው።

ሰርተፊኬቱ ይጠቅማል ወይ ላልሽው፣ ለራስሽ ይጠቅምሻል፣ የጀመሩትን መጨረስ ያስለምዳል። ለእናትሽም የሚታይ ነገር ነው፤ ይህን ስል እየቀለድኩ አይደለም፣ ቤት ውስጥ የሚያምንብሽ ሰው ሲኖር ሌሊት መብራት አብርተሽ ስትቀመጪ የሚቆጣሽ የለም። እኔ ግን ሲቪ ላይ ሳየው ዐይኔ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ሁሉም ሰው አለው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ልጆች የሚወድቁበት ነውና። ኮዱ ሳይሆን እንግሊዝኛው ነው የሚያስደነግጣቸው። ቀይ ጽሑፍ ሲወጣ ሳያነቡት ስክሪንሾት አንስተው ግሩፕ ላይ «እርዱኝ» ብለው ይለጥፋሉ። የፓይተን ኤረር ሲመጣብሽ ከታች ወደ ላይ አንብቢው። የመጨረሻው መስመር ምን እንደተበላሸ ይነግርሻል፣ ከሱ በላይ ያለው ደግሞ በየትኛው ፋይል፣ ስንተኛው መስመር ላይ እንደሆነ። «ኔም ኤረር» ካለሽ ያልፈጠርሽውን ስም ጠርተሻል፣ አብዛኛውን ጊዜ ፊደል ተሳስተሽ ነው። «ኢንደንቴሽን ኤረር» ካለሽ መስመሩ መነሻ ላይ ያለው ባዶ ቦታ አልገጠመም፤ በስልክ የሚጽፍ ሰው ይህን በየቀኑ ያየዋል። ያጋጠመሽን ኤረር ሁሉ ከነመፍትሔው ደብተር ላይ በአማርኛ ጻፊው። ኤረሮቹ ያን ያህል ብዙ አይደሉም፤ ሁለተኛ ሲመጡ ታውቂያቸዋለሽ።

አሁን ወደ ሱቁ። ቤተልሔም ደሴን ሳትሰሚ አትቀሪም። ሐረር የተወለደች፣ በልጅነቷ አባቷ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ውስጥ ለደንበኞች ዘፈን እየጫነችና ቪዲዮ እያቀናበረች ኮምፒዩተር የለመደች፣ በኋላ አይኮግ ከሚባለው የአዲስ አበባ የኤአይ ድርጅት ጋር ሆና ልጆችን ኮድ ለማስተማር የተነሣች ወጣት ናት። ስሟ ሲነሣ ሰው ስለ ተሰጥኦዋ ያወራል። እኔ ዐይኔ የሚያርፈው ሱቁ ላይ ነው። ሱቅ ውስጥ ቆሞ የሚጠብቅ ደንበኛ አለ፣ ደንበኛው የሚፈልገው ነገር አለ፣ ካልሠራ ተመልሶ ይመጣል። ዩቲዩብ ይህንን አይሰጥሽም።

አጎትሽ ጋ ስልክ ለጥገና ሲገባ ምን እንደሚደረግ አስተውዪ። እንደማውቃቸው ሞባይል ቤቶች ከሆነ ደብተር አለ። የባለቤቱ ስም፣ የስልኩ ዓይነት፣ «ስክሪን» ወይም «ቻርጅ አይዝም»፣ የተከፈለ ቀብድ፣ «ማክሰኞ ይምጣ»። ማክሰኞ ባለቤቱ ይመጣል፣ ስልኩ አልደረሰም። ወይም ደርሷል፣ የትኛው መሳቢያ ውስጥ እንደገባ ግን አይታወቅም። ወይም «300 ብር ቀብድ ከፍያለሁ»፣ «የለም፣ 200 ነው የከፈልከው» እየተባባሉ ወረፋው ይቆማል። ይኸውልሽ ፕሮጀክትሽ። አጎትሽ የገባውን ስልክ የሚመዘግብበት፣ ዛሬ የሚወሰዱትን የሚያይበት የቴሌግራም ቦት (በቻት ሲጻፍለት በራሱ የሚመልስ ፕሮግራም) ሥሪለት።

ቴሌግራም ያልኩሽ ያለ ምክንያት አይደለም። አጎትሽ አዲስ አፕ ጫን ብትዪው «እሺ ነገ» ይልሻል፤ ቴሌግራም ግን ስልኩ ላይ አለ። ቦት ለማውጣት ቦትፋዘር ለሚባለው የቴሌግራሙ የራሱ ቦት ትጽፊለታለሽ፣ ቶከን የሚባል ረጅም ቁልፍ ይሰጥሻል። መዝገቡን ለማስቀመጥ ኤስኪውላይት አለ፤ ከፓይተን ጋር አብሮ ስለሚመጣ ሌላ ዳታቤዝ አትጭኚም። ቦቱ ለጊዜው በራስሽ ስልክ ላይ፣ ተርመክስ ውስጥ ይሩጥ። ባትሪሽ ሲያልቅ ቦቱም ይሞታል፣ አጎትሽም ይደውልልሻል። ሰርቨር፣ ማለትም ሁልጊዜ በርቶ የሚቆይ ኮምፒዩተር፣ ለምን እንደሚያስፈልግ የዚያን ቀን ይገባሻል።

የመጀመሪያው ቦት ሦስት ነገር ብቻ ይወቅ፦ መዝግብ፣ የዛሬዎቹን አሳይ፣ ተወስዷል። አስቀያሚ ቢሆንም ግድ የለም። ከዚያ ለአጎትሽ ስጪውና አጠገቡ ቁጭ በይ። ምንም አታስረጂው፣ ጣቱ የት እንደሚሄድ ብቻ ተመልከቺ።

ምን እንደሚሆን ልንገርሽ። «ማክሰኞ 9 ሰዓት» ብሎ ይጽፋል። ቦትሽ የጠዋት 9 አድርጎ ይይዘዋል፤ አጎትሽ ግን ከሰዓት በኋላ ማለቱ ነው፣ በኮምፒዩተሩ አቆጣጠር 15 ሰዓት። ስድስት ደምረሽ ታስተካክዪዋለሽ፣ ደስ ይልሻል። በማግስቱ «ከምሽቱ 1 ሰዓት» የሚል ይመጣል። ስድስት ስትደምሪበት 7 ይሆናል፣ 7 ደግሞ ለኮምፒዩተሩ ጠዋት ነው፤ የምትፈልጊው 19 ነበር። ስለዚህ ቀንና ሌሊቱን ሳትጠይቂ ቁጥሩን ብቻ መቀበል እንደማትችዪ ይገባሻል። የሌሊቱ ሰዓት ከስድስት ሲያልፍ በፈረንጆቹ ቀኑም አብሮ እንደሚለወጥ የሚገባሽ ደግሞ ትንሽ ቆይቶ ነው።

ቀጥሎ የቀን መቁጠሪያው ይመጣል። አሥራ ሁለቱ ወራት 30፣ 30 ቀን ናቸው፤ ጳጉሜን 5 ናት፣ ዓመተ ምሕረቱ ለአራት ተካፍሎ ቀሪው 3 ሲሆን ግን 6 ትሆናለች። በ2015 ስድስት ነበረች፣ በ2019ም ስድስት ናት። ስድስት በሆነች ቁጥር ቀጥሎ የሚመጣው እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 11 መሆኑ ቀርቶ 12 ላይ ይውላል። «መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው» ብሎ የተጻፈ ኮድ ሦስት ዓመት በሰላም ሠርቶ በአራተኛው በአንድ ቀን ይስታል፣ የሚስተውም የጻፈው ሰው ከረሳው በኋላ ነው። አንቺ ከመጀመሪያው በ2015 እና በ2016 ቀኖች እየሞከርሽ ጻፊው።

እኔ የምወደው ግን የስም ፍለጋውን ነው። ደንበኛዋ ፀሐይ ትባላለች። ስትመዘገብ በፀሐዩ ፀ ተጻፈች። ስልኳን ልትወስድ ስትመጣ አጎትሽ «ጸሃይ» ብሎ ፈለገ፣ ቦቱ «የለችም» አለ። ሴትዮዋ ቆማለች፣ ስልኩ መሳቢያ ውስጥ አለ፣ ቦትሽ ግን የለችም ይላል። ለኮምፒዩተር ፀ እና ጸ፣ ሐ እና ሃ ጭራሽ የማይተዋወቁ ምልክቶች ናቸው፤ ኮምፒዩተሮች ፊደል የሚለዩበት የቁጥር ሰንጠረዥ፣ ዩኒኮድ፣ ውስጥ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው። መፍትሔው ከመፈለግሽ በፊት ሁለቱንም ወገን ወደ አንድ መልክ የሚያመጣ ትንሽ ፈንክሽን መጻፍ ነው፦ ሐን፣ ኀን፣ ሃን፣ ሓንና ኃን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ከነርባታቸው። ግን የተመዘገበውን ስም ራሱን አትንኪው፤ የሰው ስም ነው፣ ደረሰኝ ላይ ባለቤቱ እንደሚጽፈው መውጣት አለበት። ለፍለጋ ብቻ የሚሆን ሁለተኛ ቅጂ ከጎኑ አስቀምጪ። በነገራችን ላይ ከውጭ ኮርስ እየቀዳሽ «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን እንዳታስገቢ፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው የኛ፣ አያቱን ለስልክ ጥገና የሚጠይቅም የለም፣ ስልክ ቁጥር ይበቃል።

ሦስቱንም አጎትሽ በአንድ ሳምንት ያመጣልሻል። ይህንን የስም ፈንክሽን ራሷ ደርሳበት ራሷ የጻፈች አመልካች ብትመጣ፣ ስለ ሰርተፊኬቷ አልጠይቃትም።

ኮዱን ጊትሃብ ላይ (ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ ነው) አስቀምጪ፣ ግን ቶከኑን አብረሽ አትጫኚ። ጊትሃብ ላይ በስሕተት የወጡ ቁልፎችን ብቻ ሲፈልጉ የሚውሉ ፕሮግራሞች አሉ። ካመለጠሽ ኮዱን ማጥፋት አያድንም፣ በታሪኩ ውስጥ ይቀራል፤ ቦትፋዘር ጋ ሄደሽ ቶከኑን ሰርዘሽ አዲስ አውጪ። የደንበኞችን ስምና ስልክ ቁጥርም እንደዚሁ፣ ዳታቤዙ ከሱቁ አይውጣ። ለውጥ ባደረግሽ ቁጥር ኮሚት አድርጊ (ለውጡን በጊት መዝግቢው ማለት ነው)፣ ምን እንዳስተካከልሽም በአጭር ጻፊበት። የአንዳንዱን ጊትሃብ ስከፍት «ፋይናል» የሚል አንድ ኮሚት ብቻ አገኛለሁ፣ ሁሉም ነገር በአንድ ሌሊት ከሰማይ የወረደ ይመስላል። ሌላው ላይ ደግሞ «የምሽት ሰዓት ተስተካከለ»፣ «ቀብድ ባዶ ሲሆን ይቆም ነበር» እያለ ለወራት ይሄዳል። የሠራውን ሰው ሳላገኘው አውቀዋለሁ።

ወንድምሽ ስለ ኤአይ ያለው ነገር። ከላይ የዘረዘርኩልሽን ቦት ኤአይ በጥቂት ደቂቃ ይጽፍልሻል፣ ይህን ልደብቅሽ አልችልም። ለዚህም ነው ቦት መኖሩ ብቻውን እንደ ድሮው የማያስደንቀኝ። ኢንተርቪው ላይ አመልካቹ የራሱን ኮድ እንዲከፍት አደርገውና አንዲት ለውጥ እጠይቀዋለሁ፦ «ቀብድ ያልከፈሉት ከላይ እንዲወጡ አድርግልኝ»። የራሱ ሥራ ከሆነ ጣቱ ቀጥታ ፋይሉ ጋ ይሄዳል፣ ባይጨርሰው እንኳ የት እንደሚነካ ያውቃል። ያልሆነ እንደሆነ ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ ያንሸራትታል። ያኔ ሁለታችንም እናፍራለን።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ዓመት ኤአይን «ጻፍልኝ» አትበዪው። «ይህ ኤረር ምን ማለት ነው»፣ «ይህ መስመር ባይኖር ምን ይሆናል» በዪው። በአማርኛም ጠይቂው፣ አማርኛው አንዳንዴ ይንሻፈፋል እንጂ ይገባዋል። የሰጠሽን ነገር አንብበሽ፣ ዘግተሽ፣ በራስሽ እጅ ጻፊው። የጀማሪ ሥራ ተነክቷል ወይ? ተነክቷል። ድሮ ለጁኒየር የምንሰጠውን ፎርም መሥራት፣ ገጽ ማሳመር አሁን አንድ ሲኒየር በኤአይ እግረ መንገዱን ይጨርሰዋል። የቀረው ሥራ ደንበኛው የሚፈልገውን ከአፉ ማውጣት፣ የተጻፈው ኮድ ትክክል መሆኑን ማረጋገጥና ሲበላሽ መጠገን ነው። ሞባይል ቤት የሚውል ሰው ሦስቱንም በየቀኑ ያያል።

ዲግሪስ? ባንክ፣ ቴሌኮምና መንግሥት መሥሪያ ቤት ማስታወቂያው ላይ ዲግሪ ካለ ዲግሪ ነው፣ ያለሱ ማመልከቻሽ አይከፈትም፤ ከ2015 ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተናውም ተጨምሯል። ትንንሽ ድርጅቶች ጋ ይላላል፣ እኛ ጋ ዲግሪ ሳይኖራቸው የሚሠሩ ልጆች አሉ። ውጭ አገር ለሥራ ልሂድ ብትዪ ቪዛው ብዙ ጊዜ ዲግሪ ይጠይቃል። ወንድምሽ ግማሽ ልክ ነው ያልኩት ለዚህ ነው፤ ዲግሪ የማያስፈልግበት በር አለ፣ ግን ጠባብ ነው፣ አንቺ ደግሞ ሁለቱንም በር ክፍት ማድረግ ትችያለሽ።

የእናትሽ ፍርሃት ግን ቀልድ አይደለም። በ2014 እና በ2015 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 ከመቶና በላይ ያመጡት ከመቶ አራት አይሞሉም ነበር። በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 ከመቶ ደረሰ። በዚህ ፈተና ላይ ኮድ ደርቦ መጫወት አያዋጣም። እኔ ብሆን ዘንድሮ 11ኛ ላይ በሳምንት ስምንት፣ አሥር ሰዓት ለኮድ እሰጣለሁ፣ ቦቱንም ዘንድሮ እጨርሳለሁ። 12ኛ ክፍል ሁለተኛ ሴሚስተር ሲገባ አዲስ ነገር መማር አቆማለሁ፤ ቦቱ ሲበላሽ ብቻ አስተካክላለሁ። ከፈተናው ማግስት እስከ ዩኒቨርሲቲ ምደባው ያሉትን ወራት ደግሞ ሙሉ ለሙሉ ለኮድ አውላቸዋለሁ። ብዙ ተማሪ ያንን ጊዜ ውጤት በመጠበቅ ይጨርሰዋል። ሒሳቡን በተለይ አትተዪው፣ ለፈተናውም ለሙያውም ያስፈልግሻል።

ውጤት ከመጣልሽ አዲስ አበባና አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎችን፣ አምስት ኪሎ ያለውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትንም አስቢባቸው። ኤ2ኤስቪ የሚባለው ድርጅት እነዚህ ግቢዎች ውስጥ ተማሪ መልምሎ ዳታ ስትራክቸርና አልጎሪዝም በነጻ ያሠለጥናል፤ ከዚያ ወጥተው ጎግል የገቡ ልጆች አሉ። ሌላ ቦታ ቢደርስሽም ኮምቦልቻው ኢንስቲትዩት እንኳ ቢሆን ቦት ይዛ የገባች ተማሪ አንደኛ ዓመት ላይ ከሌሎቹ ቀድማ ትጀምራለች።

አሁን ገንዘቡ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለ ወጣት ሠራተኛ ሊቀጠር ይችላል፤ ግን በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ በትርፍ ሰዓት፣ ወይም ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት ክልክል ነው። ስለዚህ «ትንሽ ልጅ ነሽ፣ ሌሊት ከቤትሽ ትሠሪያለሽ» የሚልሽ ድርጅት ሕጉን አላነበበም፣ ወይም አንብቦታል። ከውጭ ደንበኛ ሥራ የሚገኝበት ድረ ገጽ አፕዎርክ ደግሞ ከ18 ዓመት በታች አይቀበልም። ቴሌግራም ላይ «የተከፈተ አካውንት እናከራያለን» የሚሉ አሉ፤ አካውንቱ ሲዘጋ ውስጡ ያለው ገንዘብሽ አብሮ ይቀራል፣ የምትከሺውም ሰው የለም። ለሥልጠና ወይም ለመመዝገቢያ ብር አስቀድመሽ ክፈዪ የሚል ቀጣሪም ቀጣሪ አይደለም።

የመጀመሪያ ገቢሽ ከውጭ ሳይሆን ከአጎትሽ ጎረቤት ነው የሚመጣው። ቦቱን ያየ ሌላ ሞባይል ቤት፣ ወይም ልብስ ሰፊ፣ «ለኔም» ይልሻል። ያኔ ምን እንደምትሠሪ፣ ምን እንደማይካተት፣ ስንት ብርና መቼ እንደሆነ በቴሌግራም ጽፈሽ «ተስማምቻለሁ» አስብዪ። ግማሹን በቅድሚያ ተቀበዪ፤ አንድ ቀሚስ ለማሰፋት ቀብድ የሚከፈልበት አገር ውስጥ ለሶፍትዌር የማይከፈልበት ምክንያት የለም። የወር ማስተካከያ ዋጋም ለብቻው ተናገሪ፣ ያለዚያ ዕድሜ ልክሽን በነጻ ትጠግኛለሽ። የማታውቂው ደንበኛ ጋ ስትሄጂ ከአጎትሽ ወይም ከወንድምሽ ጋር ሂጂ፣ በሥራ ሰዓት፣ ሱቁ ውስጥ። ከአጎትሽ ራሱ ገንዘብ ትጠይቂ ወይስ አትጠይቂ የሚለውን ለቤተሰቡ ትቼዋለሁ።

ሁለተኛ ፕሮጀክት ስትፈልጊ ክፍያ ጨምሪበት። ቻፓ የሚባለው የአገር ውስጥ የኦንላይን ክፍያ ድርጅት ለዴቨሎፐሮች የሙከራ ቁልፍ ይሰጣል፤ እውነተኛ ብር ሳይንቀሳቀስ ክፍያ መቀበልን ትለማመጃለሽ። አገር ውስጥ የሚሠራ ሶፍትዌር ዞሮ ዞሮ ክፍያ ጋ ስለሚደርስ፣ ይህን የነካ ጁኒየር ሲመጣ እናስተውለዋለን።

መቼ ሥራ አገኛለሁ ላልሽው፣ ትንንሹን ሥራ በዚሁ ዓመት፣ ኢንተርንሺፕ ከ12ኛ ክፍል ፈተና በኋላ ባለው ክረምት፣ ደመወዝ ያለው የጁኒየር ሥራ ዩኒቨርሲቲ ከገባሽ በኋላ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ዓመት አካባቢ ብለሽ አስቢ። በፊት ቢመጣ እሰየው። ማስታወቂያዎቹን ኢትዮጆብስና አፍሪወርክ ላይ ተከታተዪ፣ ለማመልከት ባይሆንም ምን እንደሚጠየቅ ለማወቅ። ስታመለክቺ ረጅም ደብዳቤ አትጻፊ። ለማን እንደሠራሽው፣ ምን ችግር እንደፈታ፣ ቦቱን ከፍተን የምንሞክርበት ሊንክና የጊትሃብ አድራሻሽ፤ አራት መስመር ነው። ሊንኩ ላይ የእውነተኛ ደንበኛ መረጃ ሳይሆን የሙከራ መዝገብ ይኑር። አብዛኛው ድርጅት መልስ አይሰጥም። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ አስታውሺ፣ ካልመለሱ ወደ ሌላው እለፊ።